መስመሩን ያወረደው ሰው

የወተት ማከፋፈያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ልሳነወርቅ የሽያጭ ሪፖርት የሚያወጣ ሶፍትዌር ካስገዙ ወዲህ ከኮምፒውተሩ ሌላ ማንንም ማመን ተዉ። አንድ የመጋቢት ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ግድግዳው ላይ አንድ ቀይ መስመር አሳዩ። መስመሩ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል።

«ሶፍትዌሩ አይዋሽም!» አሉ እየተንጎራደዱ። «ሰው ወተታችንን መግዛት ትቷል። ይህ የሻጭ ስንፍና ነው።»

ከዚያም በነገረኛነቷ ወደሚጠሏት ሻጭ ዞሩ። «አንቺ! ይህን መስመር ማን እንዳወረደው አሁኑኑ በስም ትነግሪኛለሽ። አለዚያ የሱቁን ቁልፍ አስረክቢ!»

ሻጯ ወጣችና አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ይዛ ተመለሰች። በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ይጠጡ ጌታዬ፤ ሲቆጡ ጉሮሮዎ ደረቀ።»

አቶ ልሳነወርቅ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ምን ነካሽ አንቺ! በሁዳዴ ወተት?»

ሻጯ ብርጭቆውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እንግዲህ አንዱ ተይዘዋል፤ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ግብረ አበሮቻቸውን ከፈለጉ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ በሩ ላይ ይጠብቋቸው።»