ውሻው ከጋቢና አልወርድም ባለ ጊዜ

በመጀመሪያ ውሻው አልነከሰኝም። ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ጎረቤቴ አቶ ደርበው በየለቅሶ ቤቱ “ልጁን ሊጠይቅ ባሕር ማዶ ሄዶ ውሻ ነክሶት ተመለሰ” እያለ የሚያወራው ሐሰት ነው። ሁለተኛ፣ ከልጄ ጋር አልተጣላሁም። ሦስተኛ፣ የተጓዝንበት መኪና አውቶቡስ አልነበረም፤ አውቶሞቢልም አልነበረም። ነገሩን ከሥሩ በየተራው እነግራችኋለሁ፤ እናንተም አንዱን ከሌላው ሳታደበላልቁ ስሙኝ። ከመካከል አንዱን የዘለለ ሰው ከእኔ ሰማሁ ብሎ እንዳያወራ።

ልጄ ውብዓለም የምትኖረው ኖርዌይ ነው። ባለቤቷ አይናር የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሊቭ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ውብዓለም ስልክ ደወለችና፣ “አባባ፣ ይምጡና በቤት መኪና እስከ ሰሜን ጫፍ፣ መንገድ እስከሚያልቅበት ድረስ እንወስድዎታለን፤ እርስዎ ጋቢና ተቀምጠው አገሩን ያያሉ” አለችኝ። ቃሏ ይኸው ነው፤ አልጨመርሁም፤ አልቀነስሁም። ጋቢና ነው ያለችው።

እኔ እንደምታውቁኝ በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ የስምሪት ኃላፊ ሆኜ የኖርሁ ሰው ነኝ። የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚወጣ ብቻ ሳይሆን ከሾፌሩ አጠገብ ማን እንደሚቀመጥም የምወስነው እኔ ነበርሁ። ነፍሰ ጡር ካለች ለእርሷ፣ ከሌለች ለሽማግሌ፣ እርሱም ከሌለ ለታመመ ሰው። ጋቢና ወንበር አይደለም፤ ማዕረግ ነው። ይህችው ውብዓለም ለዩኒቨርሲቲ ከቤት በወጣች ዕለት፣ መንገዱን ፊት ለፊት እያየች ትሂድ፣ አገሯን ታውቀው ብዬ ሻንጣዋን ተሸክሜ ጋቢና ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ። በሩንም የዘጋሁላት እኔ ነኝ።

“የቤት መኪና” ስትለኝ እንደ እኛ አነጋገር የግል አውቶሞቢል መስሎኝ ነበር። ደርሼ ሳየው ግን ቃሉን በቁሙ መናገሯ ኖሯል፤ ነገሩ መኪና ላይ የተጫነ ቤት ነው። አልጋ አለው፤ ምድጃ አለው፤ መጸዳጃ አለው፤ ጠረጴዛ አለው። ጋቢናም አለው። በጋቢናው ግን ውሻ ተቀምጦበታል።

ትልቅ ነጭ ውሻ ነው። ስሙ ኮንግ ይባላል፤ ትርጉሙም ንጉሥ ማለት ነው አሉኝ። በጋቢናው ወንበር ላይ የራሱ አልጋ በጠፍር ተወጥሮ ታስሮለታል፤ የራሱ የደኅንነት ቀበቶም አለው። እኔን ከኋላ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ጀርባውን ለሾፌሩ በሰጠ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ስለዚህ ያን ሁሉ ተራራ፣ ያን ሁሉ ፏፏቴ፣ በባሕሩ ዳር የተሰለፉትን ቀያይ ቤቶች ያየሁት ካለፍናቸው በኋላ ነው። የሚመጣውን ውሻው ያያል፤ የሄደውን እኔ አያለሁ።

ፍላጎቴ አንዲት ነበረች፦ በተነገረኝ ቦታ መቀመጥ። ከመጀመሪያው ማደሪያችን ስንነሣ የጋቢናውን በር ከፈትሁና ውሻውን በሥርዓት “ውረድ” አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ አዛጋ፤ አገጩን መልሶ እግሩ ላይ አሳረፈ። ውሻው አልወርድም አለ፤ እኔም ከኋላ ቀረሁ።

ወደ ልጄ ሄድሁና ይህን ውሻ አስወርጂልኝ አልኋት። እርሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ውሻው የሊቭ እንደ ሆነ፣ ከሊቭ በቀር የማንንም ቃል እንደማይሰማ፣ እርሷ ራሷ ብታዝዘው ጭራውን እንኳ እንደማያንቀሳቅስ ነገረችኝ። በገዛ ቤቷ ውሻ የማያከብራት መሆኗን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። ልጄ አላስወርድም አለች፤ ውሻው አልወርድም አለ፤ እኔም ከኋላ ቀረሁ።

ወደ ሊቭ ሄድሁ። ልጅቱ የምታውቃት ጥቂት አማርኛ ከእናቷ አፍ የወሰደቻት ናት፤ እናቷ ደግሞ ስትጠራት “አንቺ” ስለምትላት፣ ሊቭ ሰውን ሁሉ “አንቺ” ትላለች። እኔንም። ደጋግሜ “እርስዎ” በይ ብዬ አስተምሬያታለሁ፤ “እሺ፣ አንቺ” ትለኛለች። ውሻሽን ጥሪው አልኋት። ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ አሰበችና፣

“አያቴ፣ አንቺ ጠብቂ። አባዬ አልጋውን ሳያነሣ ብጠራው ኮንግ የት ይተኛል? ኮንግ ከኋላ ሲሆን ያመዋል። አንቺ አያምሽም” አለችኝ።

ሊቭ አልጠራም አለች፤ ልጄ አላስወርድም አለች፤ ውሻው አልወርድም አለ፤ እኔም ከኋላ ቀረሁ።

ወደ አይናር ሄድሁ። አይናር ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንንም በትክክል ያዙልኝ። ፊቱ ፈገግታ አያጣም፤ ሳይጠየቅ ሻይ ያፈላል። እኔ በአማርኛ ተናገርሁ፤ ልጄ ወደ ቋንቋቸው መለሰችለት። እርሱ አልጋውን መፍታት ቀላል እንደ ሆነ፣ ዳሩ ግን መንገዱ ጥምዝምዝ ስለ ሆነ ውሻው ከኋላ ከተቀመጠ እንደሚያስታውክ፣ ስለዚህ አልጋውን የሚያነሣው መንገዱ ሲያልቅ መሆኑን አስረዳ። በዚያ ላይ ለእኔ የተሰጠኝ ቦታ የቤቱ ምርጥ ቦታ ነው አለ፤ ሰፊ መስኮት አለው፤ ጠረጴዛ አለው፤ ብስኩቱም ቅርብ ነው። ከዚያ ዞር ብሎ ልጄን አንድ ነገር ጠየቃት። እርሷም አንዲት ቃል መለሰችለት።

“ምን አለሽ?” አልኋት።

“ጋቢና ምንድን ነው አለኝ።”

“አንቺስ ምን አልሽው?”

“የፊት ወንበር አልሁት፣ አባባ።”

“ወንበር አይደለም” አልኋት።

“ታዲያ ምን ልበለው? ለእሱ እዚህ አገር ቃል የለውም።”

እርሷ ግን ቃሉን ታውቀዋለች። በስልክ የነገረችኝ በዚያው ቃል ነው። አይናር አልጋውን አላነሣም አለ፤ ሊቭ አልጠራም አለች፤ ልጄ አላስወርድም አለች፤ ውሻው አልወርድም አለ፤ እኔም ከኋላ ቀረሁ።

እንግዲህ የቀረኝ መንገዱን መጠበቅ ነበር። መንገዱም መንገድ ነው፤ ይህን አልክድም። ወደ ሰሜን በሄድን መጠን ዛፉ እያጠረ፣ እያጠረ፣ ቁመቱ ከጉልበት በታች ሆነ፤ ኋላም ጨርሶ ጠፋ። ድንጋይና ሽበት፣ ሽበትና ባሕር ብቻ ቀረ። በድንጋዩ ላይ የበቀለውን ነጭ ሣር ነው ሽበት ያልሁት። አንዱን ተራራ ዞርን ስንል ሌላው ይመጣል፤ አንዱን ድልድይ ተሻገርን ስንል ሌላው ይጠብቀናል። ደረስን ወይ ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር ልጄ “ትንሽ ነው” ትለኛለች። መንገዱ አላልቅም አለ፤ አይናር አልጋውን አላነሣም አለ፤ ሊቭ አልጠራም አለች፤ ልጄ አላስወርድም አለች፤ ውሻው አልወርድም አለ፤ እኔም ከኋላ ቀረሁ።

በመጨረሻ ተራራ ሰንጥቆ ወደሚያልፍ ዋሻ ደረስን። ከዋሻው ወዲያ ጥቂት እንደ ተጓዙ የምድሩ ጫፍ ነው ተባለ። ደስ አለኝ። ወዲያው መኪናው ቆመ። ምን እንዳቆመን ውሻው በመጀመሪያ አወቀ፤ ከዚያ አይናር፤ ከዚያ ልጄ፤ ከዚያ ሊቭ። እኔ ፊቴ ወደ መጣንበት ስለ ነበር ከሁሉ በኋላ አወቅሁ። ወርጄ ብመለከት ዋሻው በአጋዘን ተሞልቷል። እዚያ አገር አጋዘን እንደ ከብት ይረባል፤ ባለቤት አለው፤ የጆሮ ምልክት አለው። ቆመው ያመሰኳሉ። አይናር ጡሩንባ ነፋ፤ አንዱ አጋዘን ተኛ። አጋዘኖቹ አንወጣም አሉ፤ መንገዱ አላልቅም አለ፤ አይናር አልጋውን አላነሣም አለ፤ ሊቭ አልጠራም አለች፤ ልጄ አላስወርድም አለች፤ ውሻው አልወርድም አለ፤ እኔም ከኋላ ቀረሁ።

በዋሻው አፍ ላይ ጠርዙ በቀይ ጥልፍ የተዋበ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱ አሮጊት ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ተቀምጠው ነበር። የአጋዘኖቹ ባለቤት እርሳቸው ናቸው። እንደ እኔ ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ አከበርኋቸው። በልጄ በኩል፣ ስለ ምን አያስወጧቸውም ብዬ ጠየቅሁ። ውጭ ያለው ተናዳፊ ዝንብ በአፍንጫቸው እየገባ ያሳብዳቸዋል፣ ዋሻው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ነው የተጠለሉት አሉኝ። እውነት ነው፤ እኛንም በቆምንበት ከቦ ይበላን ነበር። እጄን ባወናጭፍ ዝንቡ ወዲያ ሄዶ ወዲህ ተመለሰ። ዝንቡ አልበተንም አለ፤ አጋዘኖቹ አንወጣም አሉ፤ መንገዱ አላልቅም አለ፤ አይናር አልጋውን አላነሣም አለ፤ ሊቭ አልጠራም አለች፤ ልጄ አላስወርድም አለች፤ ውሻው አልወርድም አለ፤ እኔም ከኋላ ቀረሁ።

ዝንቡን ምን ይበትነዋል አልኋቸው። ነፋስ አሉኝ። ነፋሱስ መቼ ይነፍሳል አልኋቸው። ፀሐይ ጠልቃ አየሩ ሲበርድ አሉኝ። ፀሐይዋስ መቼ ትጠልቃለች ብል ሳቁ። ልጄም ሳቀች፤ አይናርም ሳቀ። በዚያ አገር በዚያ ወራት ፀሐይ አትጠልቅም። ወደ ባሕሩ ዝቅ ትልና፣ እንደ ተጠራ ሰው አንድ ነገር አስባ፣ ተመልሳ ትወጣለች። መናኸሪያ ውስጥ ብዙ ሰው ሰዓቱን ሳያከብር አይቻለሁ፤ ፀሐይን ግን በዚህ አልጠረጠርኋትም ነበር።

አሮጊቷ ከሩቅ መምጣቴን ሰምተው፣ ይህን ያህል አገር አቋርጠው ምን ፈልገው መጡ ብለው ጠየቁኝ።

“ጋቢና ልቀመጥ” አልሁ።

ልጄ ይህን አልተረጎመችውም። “አገር ሊያዩ” ብላ እንደ መለሰችላቸው ከእጇ አዘረጋግ አወቅሁ።

ፀሐይዋ አልጠልቅም አለች፤ ነፋሱ አልነፍስም አለ፤ ዝንቡ አልበተንም አለ፤ አጋዘኖቹ አንወጣም አሉ፤ መንገዱ አላልቅም አለ፤ አይናር አልጋውን አላነሣም አለ፤ ሊቭ አልጠራም አለች፤ ልጄ አላስወርድም አለች፤ ውሻው አልወርድም አለ፤ እኔም በሰው አገር ዋሻ ደጃፍ ከአጋዘን ኋላ ቀረሁ።

ብዙ ቆምን። ከዚያ ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልለመነው ደመና ከባሕሩ ተነሣ። ግራጫ ነው፤ ወፍራም ነው፤ እየተንከባለለ መጣ። አሮጊቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው አሸተቱና ሞተራቸውን አስነሡ።

ደመናው ፀሐይዋን ሸፈናት፤ አየሩ በረደ፤ ነፋሱ ነፈሰ፤ ዝንቡ ተበተነ፤ አጋዘኖቹ እየተግተለተሉ ከዋሻው ወጡ፤ መንገዱ ተከፈተ። እኛም በዋሻው ውስጥ አልፈን፣ የመጨረሻውን ዳገት ወጥተን፣ መኪና ሁሉ ከሚቆምበት ከገደሉ አፋፍ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ውኃ ነው። መንገዱ አለቀ፤ አይናር የአልጋውን ጠፍር ፈታ፤ ሊቭ ውሻውን በስሙ ጠራችው፤ ልጄም የሚታዘዛት መስሏት “ና፣ ውረድ” አለች፤ ውሻው ወረደ።

ጋቢናው ባዶ ሆነ።

ኮቴን ቆለፍሁ። ከረባቴን አስተካከልሁ። ከኋላ ወደ ፊት ለመሄድ ስነሣ አይናር እንድቆይ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ከወንበሩ ሥር ያለውን እጀታ ሳበና ወንበሩን ከነመደገፊያው አዞረው። ያ መኪና እንደዚያ ነው የተሠራው፤ ሲቆም የፊቱ ወንበር ዞሮ የእራት ጠረጴዛ ወንበር ይሆናል። ጀርባው ወደ ባሕሩ ሆነ፤ ፊቱ ወደ ምድጃው። ከዚያ ማታም ብርሃን ስለ ሆነ ለመኝታ እንዲመች ብሎ የፊቱን መስታወት ከዳር እስከ ዳር በብርማ መጋረጃ ሸፈነው። የአልጋው ጠፍር የነበረበት የጨርቁ ቦታ ተጨማድዷል፤ ነጭ ጸጉርም ቀርቶበታል። ልጄ ጸጉሩን በመዳፏ ጠረገችና ቀና አለች። ፊቷ በርቷል፤ ቃሏን ጠብቃለችና።

“ይኸው ጋቢናዎ፣ አባባ። ይቀመጡ።”

አልተቀመጥሁም። ውብዓለም መጀመሪያ እግሬን ያመመኝ መሰላትና ክንዴን ያዘች። እኔ የተሸፈነውን መስታወት አየሁ። እርሷም የማየውን ተከትላ አየች። ከዚያ ወንበሩን አየች። ከዚያ እኔን። ያን ጊዜ እዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ቆማ ሳለ፣ ሻንጣዋን ተሸክሜ በሩን ስዘጋላት የነበራት ፊት ለአንድ አፍታ ተመለሰባት። ጎንበስ ብላ የወንበሩን እጀታ ያዘች። ይዛም ቆየች። አይናር ከምድጃው በኩል በቋንቋቸው አንድ ነገር አላት፤ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው ማለቱ ይመስለኛል። እጀታውን ለቀቀችው።

እኔም ተመልሼ ከነበርሁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሾርባውንም በሥርዓት ጠጣሁ። ውሻው እግሬ ሥር ተኛ። አላስታወከም፤ አልነከሰኝም።

ከልጄ ጋር አልተጣላሁም። ፊቱን ወደ ምድጃ ያዞረ ወንበር ጋቢና ነው መባሉን ግን አልተቀበልሁም።