የዝሆኑን ልብ ያወቀችው ቁራ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ስጡት።

በድርቅ ዘመን አውሬዎችን የሚመራ አንድ ዝምተኛ ዝሆን ነበር። ወንዝ አጠገብ ሲደርሱ ውሃውን አሸተተና «ተከተሉኝ» ብቻ ብሎ ወደ ተራራው ዞረ።

ወሬ አቀባይዋ ቁራ ከዛፍ ላይ ሆና፣ «ልቡን አውቀዋለሁ፤ የሚያርቀን ለብቻው ሊጠጣው ነው!» አለች።

ሚዳቋ፣ «ጠይቀሽው ነው?» አለቻት።

«ምን ያስጠይቃል? አረማመዱ ይናገር የለም እንዴ!»

የተጠሙት አውሬዎች አመኗት። ሚዳቋም ግልገሏ በጥም ስትዝልባት አብራቸው ወረደች። ውሃው ተመርዞ ነበር፤ የጠጣ ሁሉ እዚያው ወደቀ።

ዝሆኑ ዞር ሲል ተከታይ አጣ። እየሮጠ ተመልሶ ግልገሏን በኩምቢው ቢያነሳት ሞታለች። አቅፏት አለቀሰ።

ቁራም ወደ ሬሳዎቹ ጎንበስ ብላ፣ «አያችሁ? የሚያለቅሰው እንድናዝንለት ነው» አለች።