ቀንበር ላይ የቀሩት በሬዎች

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ልብ ወለድ ጽፎ አሳተመ። አንባቢ ግን አላገኘም። በዚያው ሰሞን የአንድ ገበሬ በሬ የወረዳው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ገብቶ ተያዘና በጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ታሰረ። ዝናቡ ጥሏል፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ገበሬው ሊለምን ቢሄድ አስተዳዳሪው መጽሐፉን ሰጠውና፣ «አንብበህ ቅዳሜ በሕዝቡ ስብሰባ ላይ አስተያየትህን ትነግረኛለህ» አለው።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

«ብታሞግሰኝ ለበሬህ ስትል ዋሸህ እልሃለሁ» አለ አስተዳዳሪው። «ብትነቅፈኝ በሬህ እዚሁ ይከርማል። በል እውነቱን ተናገር።»

«ክቡር አስተዳዳሪ፣ መጽሐፉ አስለቅሶኛል» አለ ገበሬው።

«ልጅቷ የሞተችበት ቦታ ላይ ነዋ!»

«የለም፣ ለበሬዎቹ ነው ያለቀስኩት። ልጁ ገጽ ሦስት ላይ ጠምዶ ሲያርስ ልጅቷን አየና እርፉን ለቆ ተከተላት። ከተማ ገባ፣ ተማረ፣ ተሾመ፣ አገባት፣ ቀበራት። በሬዎቹን ግን የፈታቸው የለም። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ ቀንበር እንደተሸከሙ ቆመዋል። አሁን ይፈታቸዋል፣ አሁን ይፈታቸዋል እያልኩ ነው የጨረስኩት።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የአስተዳዳሪው ፊት ጠቆረ።

«ታዲያ ምን ላድርግህ? መጽሐፉ አንዴ ታትሟል!»

«እሱስ ልክ ብለዋል፤ እነዚያን ከእንግዲህ የሚያድናቸው የለም። ጓሮዎ የታሰረው የኔ በሬ ግን ገና አልታተመም።»