የሐምሌ ፀሐይ ባለቤት

በአንድ ወቅት፣ አዲስ አበባ በዝናብ ስትርስ ድሬዳዋ ደግሞ በፀሐይ በምትጠበስበት በሐምሌ ወር፣ ሁለት ሰዎች አንድ አልበም ሠሩ።

አንደኛው ሬድዋን ይባላል። የድሬዳዋው የደቻቱ ሰፈር ልጅ፣ ራፐር ነው። አፉ ፈጣን ነው፤ ሲቆጣ ግን እጁ ከአፉ ይቀድማል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጣው ያፌት ነው። የጭፈራ ሙዚቃ ፕሮዲዩሰር ነው፤ የሱ ምት ሲጀምር የተቀመጠ ሰው ሳያስበው ይነሳል። እነዚህን ሁለቱን ያገናኘቻቸው ሂክማ ናት። ሂክማ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ሰርግ ሲኖር ትዘፍናለች። ከአልበሙ አሥር ዘፈኖች የአምስቱን አዝማች ያዜመችው እሷ ነበረች።

አልበሙን «የሐምሌ ፀሐይ» አሉት። ስለ ማንጎ ጭማቂ፣ ስለ ባጃጅ፣ ሽርጥ አገልድሞ በረንዳ ላይ ስለ መተኛት የሚያወራ፣ ሙቀቱን የሚያስረሳ ሥራ ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ብቻ ለየት ይላል። ሬድዋን እዚያ ውስጥ ታናሽ ወንድሙን ነስሩን አንስቷል። ነስሩ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ወጥቶ፣ ባሕሩ ጋ ሳይደርስ በረሃ ላይ በውኃ ጥም የሞተ ልጅ ነው። ሬድዋን ስሙን ጠርቶ ያለቀሰው በዚያ ዘፈን ብቻ ነበር።

ሥራው አልቆ ለወዳጅ ዘመድ የሚሰማበት ቀን ደረሰ። በአንድ ሆቴል ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ተደረደረ። ዘጠኙ ዘፈኖች በእልልታና በጭብጨባ አለፉ። አሥረኛው ሲጀምር ሬድዋን ዓይኑን ጨፈነ። የወንድሙ ስም መምጫ ሲደርስ ግን የመጣው ከበሮ ነበር። ተጋባዡ በሙሉ ተነስቶ ጨፈረ።

«ነስሩ የት ሄደ?» አለ ሬድዋን።

«ቆርጬዋለሁ» አለ ያፌት። «ሰው ሊጨፍር ነው የሚመጣው፣ ለቅሶ ሊደርስ አይደለም።»

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርህ እሺ ትል ነበር?»

ሬድዋን በጥፊ አጮለው። ጥፊው ያረፈው ቀኝ ጆሮው ላይ ነበር። ያፌት ተንገዳግዶ ወንበር ይዞ ወደቀ። ሲነሳ ሂክማ አፏን እያንቀሳቀሰች የምትለው ነገር በአንድ ወገን ብቻ ይሰማው ነበር። ሐኪሙ የጆሮው ታምቡር ተቀዷል አለ። ቁስሉ ዳነ፤ መስማቱ ግን አልተመለሰም። በዚያ ጆሮው ከፉጨት በቀር የሚሰማው ነገር ጠፋ።

ሽማግሌ ተሰበሰበ። ነገሩን የያዙት ሐጂ ኑሬ ነበሩ፤ አካባቢው የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። ያፌት ካሳም ክስም አልፈልግም አለ።

«አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ» አለ። «የሱ ድምፅ ከኔ ምት ጋር አንድ ላይ እንዳይሰማ። አልበሙ ይቀበር።»

ሐጂ ኑሬ ወደ ሬድዋን ዞሩ። «አንተስ ልጄ?»

«ለእጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለንዴቴ ግን አልጠይቅም» አለ ሬድዋን። «ይቀበር ካለ ይቀበር።» እነዚያን ዘፈኖች ላይዘፍናቸው ማለ። ሁለቱም ያላቸውን ቅጂ ሽማግሌዎቹ ፊት አጠፉ። ሳይጨባበጡም ወጡ።

ሂክማ በምስክርነት ተጠርታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አምስት ዘፈን ላይ ድምፅ አላት ብሎ ወደ እሷ ዞር ያለ ሰው አልነበረም። ቤቷ እስክትደርስ ፊቷ ይነድ ነበር። እንደዚያ ያስናቃት ዝም ማለቷ መሰላት፤ ከዚያ ደግሞ፣ ለመናገር መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ እንዴ ብላ በራሷ ላይ ተናደደች።

በስልኳ ውስጥ ግን አልበሙ ነበረ። ልምምድ ስታደርግበት የነበረው፣ ነስሩ ሳይቆረጥ የቀረበት ቅጂ ነው። አላጠፋችውም። ለማንም አልተናገረችም።

ዓመቱ ዞሮ ሙቀቱ ተመለሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሂክማ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እያጠፈች አልበሙን በቀስታ ከፍታ ነበር። ሻሽ ልትገዛ የገባች ሴት ዋጋ መከራከሩን ትታ ትከሻዋን ታወዛውዝ ጀመር።

«ይሄ የማን ነው?» አለቻት።

«የማንም አይደለም» አለች ሂክማ።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላም መልሷ ራሷን ከነከናት። የማንም አይደለም? እንዲህ ዓይነት ነገር የማንም ሳይሆን ይቀራል? ሱቋን ዘጋች። አሥሩንም ዘፈን ቴሌግራም ላይ ለቀቀች። ስም ስትጽፍ የራሷን አስቀደመች፣ የሬድዋንን አስከተለች፣ የያፌትን መጨረሻ ላይ አደረገች።

ሳምንት ሳይሞላ ከተማው በአልበሙ ተያዘ። ባጃጁ ይዞት ይዞራል፣ ጭማቂ ቤቱ ይከፍተዋል፣ ሰርገኛው ይጨፍርበታል። የነስሩ ስም ሲደርስ አንዳንዱ ቆም ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ በዚያው ይቀጥላል። አንድ ቀን የሬድዋን እናት እማማ ዘሃራ ከሂክማ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ጭማቂ ቤት በኩል ሲያልፉ የሞተው ልጃቸው ስም በጭፈራ መካከል ተጠራ። ሴትየዋ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቆሙ። አላለቀሱም፣ ማንንም አልተቆጡም። ዘፈኑ ሲያልቅ ሄዱ። ሂክማ ተከትላ ልትጠይቃቸው እስከ ሱቋ በር ወጥታ ተመለሰች።

ሬድዋንን ሰርግ ላይ ማይክ ሰጥተው ዝፈን አሉት። ሰው ሁሉ ስሙን እየጠራ ለመነው። ማይኩን መለሰላቸው። «ምያለሁ» አለ፣ ወጣ። በማግስቱ ሂክማ ሱቅ መጣ።

«ሰው ሁሉ መሐላውን በላ እያለ የሚያየው እኔን ነው» አላት።

«እኔ መች ማልኩ?»

«አቦ፣ ተይኝ! ነስሩን መለስሽልኝ፤ እኔን ግን ውሸታም አደረግሽኝ። በየትኛው ላመስግንሽ?»

ያፌት ወሬውን ሰምቶ ከአዲስ አበባ ዝናብ ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ወረደ። ከጣቢያ የጫነው ባጃጅ እንኳ ዘፈኑን ከፍቶ ነበር። ግራ ጆሮውን ወደ ድምፁ አዙሮ እስከ ቀፊራ አዳመጠ። ሱቋ በር ላይ ቆሞ ሰላምም አላላት።

«የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።»

«እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ዛሬ ከቴሌግራም ባስወርደው ይወርዳል፤ ታውቂያለሽ።»

«አስወርደዋ!»

«አላስወርደውም» አለ ያፌት። «በሁለት ጆሮዬ የሠራሁት የመጨረሻ ሥራዬ ነው። ከእንግዲህ የምሠራውን በግማሽ ነው የምሰማው። ግን የኔ ነው። የሱ አይደለም፣ ያንቺም አይደለም።»

ሂክማ ጆሮውን አየችው። አዘነችለት፤ ቁጣዋ ግን ንቅንቅ አላለም። «እንግዲያው ለምን ቀበርከው?» አለችው። ያፌት ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ሰናይት የምትባል የድግስ አዘጋጅ መጣች። በባቡር ጣቢያው ግቢ ለሚደረገው የሐምሌ ድግስ የአልበሙን ባለቤት መድረክ ላይ ልታቆም ነበር። ሦስቱንም ሐጂ ኑሬ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«አብራችሁ ቁሙ» አለቻቸው። «ከተማው የሚፈልገው ይሄንን ነው።»

«መሐላዬን ያፌት ካልፈታልኝ አልዘፍንም» አለ ሬድዋን። «ፍታኝ ብዬ ደግሞ አልለምነውም። ግጥሙ የኔ ነው፣ የሞተው ወንድሜ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት ቃሌን ጠብቄ ነው። ቃል የጠበቀ ሰው ሥራውን ይቀማል?»

«አልፈታም» አለ ያፌት። «ያንን ምት ያወጣው ጆሮ የለም። እሱ መሐላውን ስለጠበቀ ጆሮዬ አይመለስም። ሰው የሚነሳው ለኔ ምት ነው። ማንም ከኔ ጎን አይቆምም።»

«ሁለታችሁም ቀብራችሁት ሄዳችሁ» አለች ሂክማ። «ሰው የጣለውን ነው ያነሳሁት። እኔ ባላወጣው ዛሬ ምን ላይ ትጣሉ ነበር? አምስት ዘፈን ላይ ያለሁትን ልጅ እንኳ አላያችሁኝም። ከእናንተ ጋር መቆም እኔም አልፈልግም።»

ሰናይት ወደ ሐጂ ኑሬ ዞረች።

«ባለፈው ስፈርድ አንዷን ዘለልኳት» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ ብፈርድ ደግሞ ሌላውን እዘላለሁ። እኔ ይቅርብኝ።»

ሦስቱ ጀርባ ተሰጣጥተው በየፊናቸው ወጡ። ሰናይት የአንድ ሰው ስም ይዛ መሄድ አለባት፤ ለድግሱ የቀረው ጥቂት ነው፤ መድረኩም እየተሠራ ነው።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ተከራከሩበት። አንዱ ግጥሙንና የሞተ ወንድሙን ሰጥቷል፣ መሐላውንም ጠብቋል፤ ግን የሰው ጆሮ ያጠፋው እሱ ነው። አንዱ ምቱን ሠርቷል፣ ጆሮውንም አጥቶበታል፤ ግን የሰው ሐዘን ሳይጠይቅ የቆረጠው እሱ ነው። አንዷ ከጉድጓድ አውጥታዋለች፤ ግን ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ፊት የተስማሙበትን ውል ያፈረሰችው እሷ ናት። ሰናይትን ብትሆኑ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየጠበቀ፣ «የአልበሙ ባለቤት» ብላችሁ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?