በሰንበሌጥ ሚካኤል በር ላይ የቀረው መዳፍ

ወደ ሰንበሌጥ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በምዕራቡ በር የሚገባ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከጉበኑ በላይ ባለው ሰፊ ድንጋይ ላይ በመሮ ተፈልፍሎ የጎደጎደ ክብ ቦታ ያገኛል። ከክቡ ግርጌ በስተቀኝ አንድ የአንበሳ መዳፍ ጥፍሮቹን እንዳወጣ ቀርቷል፤ ከእሱ በቀር የሚታይ ቅርጽ የለም። በዚያ ደብር የሚሾም አለቃ ሁሉ ደግሞ በሹመቱ ቀን በዚህ በር የሚገባው ካባ ደርቦ ሳይሆን የበሬ ቀንበር በትከሻው ተሸክሞ ነው። በሩ ላይ ቆማ የምትቀበለውም ከመንደሩ ሴቶች በዕድሜ የገፋችው ናት። የመዳፉም የቀንበሩም ምክንያት አንድ ነው ይላሉ ሽማግሎች።

ነገሩ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ የሚስማማ የለም። የሚስማሙት በሰውየው ስም ነው፤ አለቃ ክንፈ ርግብ ይባል ነበር። ድምፁ ያማረ፣ በመጻሕፍት ትርጓሜ የተመሰገነ ሰው እንደነበር የሚጠሉትም አይክዱም። እንደሚነገረው ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄዶ ሳለ የፈረንጅ ጳጳሳትን ደጃፍ አየ፤ በየበሩ ላይ በድንጋይ የተቀረጸ ጋሻ፣ ከጋሻው በላይ ዘርፉ በግራና በቀኝ የሚወርድ ባርኔጣ፣ በጋሻው ውስጥ የአንዱ ዓሣ፣ የሌላው ግንብ፣ የሦስተኛው ቁልፍ ነበረበት። ይህ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ እያንዳንዱ ጳጳስ የራሱ ምልክት እንዳለው፣ በደብዳቤው እንደሚያትመው፣ ሲሞትም በመቃብሩ ላይ እንደሚቀረጽለት ነገሩት። አለቃው ከቅድስት አገር ይዞት የተመለሰው ይህንን ነው ይባላል።

እንደ ተመለሰ ለራሱ ምልክት አወጣ። አንበሳ ነው፤ በአንድ መዳፉ መስቀል፣ በሌላው ቁልፍ ይዟል፣ በላዩም ጃንጥላ ተዘርግቶለታል። ምልክቱን በሰንደቅ ላይ አሣለው፣ በምዕራቡ በር ላይ አስቀረጸው፣ ቀጥቃጭም አስጠርቶ በብረት መተኮሻ አሠራው። የደብሩን ሣር የሚግጥ ከብት የደብሩን አለቃ ምልክት ይልበስ ብሎ አወጀና በደብሩ መሬት ላይ ያለ በሬ ሁሉ በግራ ጭኑ ላይ ተተኮሰ። ከዚያ ወዲያ የአለቃው ሎሌዎች ምልክቱ ያለበትን በሬ ድግስ ሲኖር ለቢላዋ፣ ሥራ ሲኖር ለጭነት ይነዱ ጀመር። ሰው አጉረመረመ እንጂ የተናገረ አልነበረም፤ ግዝት ይፈራል፤ መሬቱም የደብሩ ነው።

በመንደሩ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት ሁለት በሬ ነው፤ ዳለቻና ቦራ። በበሩ ላይ ያለው ቅርጽ ሲመረቅ ለተደገሰው ድግስ ከታረዱት አንዱ ዳለቻ ሆነ። ጊዜው ግንቦት ነበር፤ የመጀመሪያው እርሻ ያለቀበት፣ ለዘር የሚደገምበት። በደብሩ ሥርዓት ደግሞ አንድ ክረምት ጦሙን ያደረ መሬት ወደ አለቃው እጅ ይመለሳል። አንጓች በሬዋን ብቻ ሳይሆን መሬቷንም ልታጣ እንደሆነ ለማወቅ መካሪ አላስፈለጋትም። ወደ አለቃው ደጅ ሄደች፤ ካህናቱም ተቀምጠው ነበር።

«አባታችን፣ በሬዬን ይተኩልኝ። በአንድ በሬ አይታረስም።»

«ምን በሬ አለሽ? ጭኑ ላይ ያለውን አላየሽም? ይህን ምልክት የለበሰ ሁሉ የቅዱስ ሚካኤል ነው። ከመልአኩ ጋር ልትሟገቺ ነው?»

«የሚካኤል ነው አሉኝ?»

«ብያለሁ!»

«ካህናቱ ሰምታችኋል» አለችና መስቀል ሳትሳለም ወጣች። በዚያ አገር መስቀል ሳይሳለሙ ከካህን ፊት መውጣት በጥፊ ከመምታት ይከፋል።

በማግስቱ ጎረቤቷ አያ ደርሶ በሬውን እየነዳ መጣ። እሱም ያለው አንድ በሬ ነው፤ ባለ አንድ በሬዎች በመቀናጆ፣ በሬ ከበሬ አገናኝተው፣ በተራ የአንዱንም የሌላውንም ማሳ ያርሳሉ።

«ያንቺን ቦራና የኔን መጋላ እንጥመድ፤ ዝናቡ ሳይቀድመን» አላት።

«ቦራ አይጠመድም፣ አያ ደርሶ። የታቦት በሬ ነው።»

«ምን ሆነሻል? መሬትሽ ጦሙን ሊያድር ነው እኮ።»

«ይደር። የታቦት መሆኑን አለቃው በካህናት ፊት መስክረዋል። ያንተስ መጋላ ጭኑ ላይ ምን አለ?»

ይህን ለመረዳት የአገሩን ልማድ ማወቅ ይበቃል። ለታቦት የተሳለ በሬ አይጠመድም፣ አይጫንም፤ የጠመደውን ሰው ማሳ በረዶ ይመታዋል፣ እሱም የተወገዘ ነው። ይህንን በየበዓሉ የሚያስተምረው ራሱ አለቃ ክንፈ ርግብ ነበር። አያ ደርሶ ዞሮ የበሬውን ጭን አየ፤ ከዚያ ሳቀ ይባላል፤ ሳቁ ግን የሚያስፈራ ሳቅ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ሁዳዱንም ማን ሊያርስለት ነው?» አለ።

ሁዳድ ሕዝቡ በየተራ በሬውን ይዞ እየወጣ በነጻ የሚያርሰው የአለቃው እርሻ ነው። የአለቃውም የካህናቱም ቀለብ ከዚያ ይወጣል። ተራ የደረሰው ሰው አልወጣም፤ ቀጣዩም አልወጣም። ሎሌዎቹ ቢመጡ የሚሰሙት መልስ አንድ ነበር፤ የሚካኤልን በሬ ጠምደን በረዶ አንጠራም። በሬዎቹ በየደጁ ቆመው ሣር ይግጣሉ፤ ሰማዩ ይጠቁራል፤ የሕዝቡም ማሳ፣ የአለቃውም ሁዳድ ሳይታረስ እኩል ጠነከረ። የመንደሩ ሰው የራሱን ረኀብ አይቶ አልፈራም፤ ቁጣው ከረኀቡ ይበልጥ ነበር ይላሉ።

ሰኔ ፲፪ የሚካኤል በዓል ደረሰ። ቅዳሴ አልቆ ታቦቱ ዑደት አድርጎ ሲገባ፣ ሕዝቡ በግራ ጭናቸው የተተኮሱትን በሬዎች ሁሉ እየነዳ ቅጥር ግቢውን ሞላው። የበዓሉን ጉዝጓዝ ቄጤማ በሬዎቹ ይበሉት ጀመር። አለቃው በጃንጥላው ሥር ወጣ።

«ይህ ምን ድፍረት ነው?»

«የቅዱስ ሚካኤል ከብት ነው፣ አባታችን። ለባለቤቱ ልናስረክብ መጣን» አለ አያ ደርሶ።

«በሬህን ይዘህ ውጣልኝ!»

«በሬማ ነበረኝ። እርስዎ በእሳት አጠመቁብኝ።»

ሕዝቡ ሳቀ። አለቃው መስቀሉን አነሣ። «ሁዳዱን የማያርስ ውግዝ ይሁን!»

አንጓች ወደ ፊት ወጣች። «የታቦት በሬ የጠመደ ውግዝ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ዛሬ ደግሞ ያልጠመደ ውግዝ ነው ይሉናል። የትኛውን ግዝት እንፍራ?»

ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ካህን፣ የሚመጣውን ረኀብ ያዩ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ አለቃው ቀርበው «አባታችን፣ አንድ ቃል ብቻ ይናገሩና ሕዝቡ ይሂድ። ምልክቱ የማን ነው?» አሉ።

አለቃው ደመናውን አየ፤ ያልታረሰውን ሁዳድ አየ። የሚካኤል ነው ቢል አይታረስም። ከቁጣው ብዛት ጮኸ ይባላል። «የኔ ነው! እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ የኔ ምልክት ነው! ውሰዱና እረሱ!»

አንጓች ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እንግዲያው ዳለቻን ያረደው ሚካኤል አይደለም» አለች። «እርስዎ ነዎት። ሰርቀው በመልአኩ አሳበቡ።»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ በሩን አየ። ምልክቱ የሰውየው ከሆነ በታቦቱ በር ላይ ምን ይሠራል? መሰላልና መሮ መጣ። ድንጋዩን እናውጣ ቢሉ ግድግዳው የሚናድ ሆነ፤ ስለዚህ ፊቱን መፈልፈል ጀመሩ። ጃንጥላው ሄደ፣ የአንበሳው ራስ ሄደ፣ መስቀል የያዘው እጅ ሄደ፣ ከሌላው መዳፍ ቁልፉ ተፈልቅቆ ወጣ። እዚያ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። መሮውን የያዘው ሰው «የቀረውን አለቃው ይላሰው፣ እርሻ አለብኝ» ብሎ ወረደና ሁሉም በሬውን እየነዳ ወደ ማሳው ሮጠ። መዳፉ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽማግሎች በነጋታው ተቀምጠው ፈረዱ። አለቃው ከራሱ በረት የተሻለውን በሬ እንዲሰጥ፣ የዳለቻንም ቀንበር ከአንጓች ቤት አንሥቶ በገዛ ትከሻው እስከ ማሳዋ እንዲያደርስ ተባለ። አደረሰ። የደብሩ ሕዝብ ግራና ቀኝ ቆሞ ያይ ነበር፤ አንዳንዱም «በርታ፣ ዳለቻ!» ይል ነበር ይባላል። ማሳው ዳር ሲደርሱ ቄሰ ገበዙ አንጓችን «ልጄ፣ እንግዲህ ይቅር ለእግዚአብሔር በይው» አሏት።

«በሬው ተተክቷል» አለች፤ «ይቅርታ ግን ከኔ አልተሰረቀም፤ በፍርድ አይወጣም።» ብላም በሬዎቿን ጠመደች።

አለቃ ክንፈ ርግብ ክረምቱ ሳይወጣ ደብሩን ለቆ ሄደ፤ የት እንደ ተቀበረ አይታወቅም፤ በመቃብሩ ላይ ምን እንደ ተቀረጸም እንዲሁ። ከእሱ በኋላ የመጡት አለቆች መዳፉን ፈልፍለን በሩን እናሳምር ሲሉ ሕዝቡ እንቢ አለ ይባላል። ዛሬም አዲስ የተሾመው አለቃ ቀንበሩን ተሸክሞ በምዕራቡ በር ሲደርስ አሮጊቷ መንገዱን ዘግታ «ምልክትህ የታለ?» ትለዋለች፤ አለቃን አንተ ማለት የሚፈቀደው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። «ምልክት የለኝም» ብሎ ይመልሳል። «እንግዲያው ግባ» ትለውና ከመንገዱ ዘወር ትላለች።

በሥርዓቱ ውስጥ የይቅርታ ቃል የለም። ለምን እንደሌለ ሲጠየቁ ሽማግሎቹ፣ አንጓች ያላለችውን እኛ አንልላትም ይላሉ። አለቃው ቀንበሩን እንደ ተሸከመ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ከራሱ በላይ ያ መዳፍ ጥፍሩን እንዳወጣ፣ ባዶውን እንደ ጨበጠ አለ።