ውታፍና መራጩ በር

ተረት ተረት! «የቅቤ ቤት!» በሉኝ እንጂ፤ አፉን ዘግቶ የሚሰማኝን አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ ከአቧራ ብናኝ በምታንስ አገር፣ ግድግዳቸው ሁሉ ቅቤ የሆነ፣ እሜቴ ቅቤነሽ የሚባሉ ቤት ነበሩ። እሜቴ ቅቤነሽ ደጃቸው የመጣውን ሁሉ ዋጥ ማድረግ ይወዳሉ። የዋጡትን ሆዳቸው ውስጥ ባለች ጓዳ ያስገቡና በኮምጣጤ ያሟሙታል። «እኔ የዋጥኩት ማን ተርፎ ያውቃል!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ከአንድ ሰውዬ በቀር የተረፈ አልነበረም።

በዚያች ጓዳ ውስጥ ውታፍ የሚባል፣ ከመራራ መድኃኒት ጋር የገባ፣ አጭርና ድቡልቡል ሰውዬ ይኖራል። ሰውነቱ ቅባት ነውና ኮምጣጤው አያሟሟውም። ሥራ የለውም፤ ቁጭ ብሎ መዋል ብቻ ነው። የጓዳው ነዋሪዎች ሶዲየምና ፖታሲየም ባለፉ ቁጥር፣ «ውታፍ፣ ዛሬስ ምን ወተፍክ?» እያሉ ይስቁበታል።

አንድ ቀን ጃርት የመሰለ፣ እሾህ የለበሰ ቫይረስ መጣ። እሜቴ ቅቤነሽ እንደ ልማዳቸው ዋጥ አደረጉት። ቫይረሱ ጓዳው ውስጥ ወድቆ ይስቃል።

«ምን ያስቅሃል? ልትሟሟ እኮ ነው!» አለው ውታፍ።

«እኔስ የመጣሁት ለኮምጣጤው አይደል?» አለ ቫይረሱ። «ልጆቼ ቆዳዬ ውስጥ ታስረዋል። ኮምጣጤው ቆዳዬ ላይ ባለው በር ሲገባ እስራታቸው ይፈታል። ከዚያ ይወጡና ይህችን ቤት የእኛ መፈልፈያ ያደርጓታል። ጎረቤቶቿንም የጨረስናቸው እንዲሁ ነው።»

ውታፍ ክው አለ። ከዚህች ቤት ሌላ ቤት የለውማ!

«እሜቴ! እባክዎ ኮምጣጤውን ያቁሙት!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ደግሞ! ሳላኮመጥጥ ምን ልብላ?» አሉና ማፍላቱን ቀጠሉ።

ውታፍ ወደ ቫይረሱ በር ሮጠ። በሩ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የቆሙ አራት ወንድማማቾች ነበሩ፤ መተላለፊያው በመካከላቸው ነው። «ሶዲየም፣ ወንድሜ፣ ግባና ዝጋልን!» ብሎ ለመነ።

ሶዲየም የውሃ ጋቢውን ተከናንቦ ሄደ።

«ጋቢህን አውልቅ!» አሉት ወንድማማቾቹ።

«ጋቢዬንማ አላወልቅም፤ ከገላዬ ጋር ተጣብቋል!»

«እንግዲያው ተመለስ። አፋችን ሰፊ ነው፣ አንገታችን ግን ጠባብ ነው። ጋቢ ለባሽ አያልፍም!»

ፖታሲየም ሄደ። «የእኔ ጋቢ ላላ ያለ ነው፣ አወልቃለሁ። ግን ይበርደኛል፤ ምን ታለብሱኛላችሁ?»

ወንድማማቾቹ ሳቁ። «አንገታችን ውስጥ ልብስ የለም። ቅባት ነው፣ የጠራ ቅባት!» ፖታሲየምም ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ተመለሰ።

በሦስተኛነት የመጣው ፕሮቶን ነው። እሱን ማንም አልላከውም፤ ኮምጣጤው ሲፈላ የሚወለድ፣ ኮምጣጤውንም የሚያኮመጥጠው፣ ጋቢ የማያውቅ፣ ከውሃ ወደ ውሃ እየተቀባበሉት የሚሄድ ሚጢጢ ነው። ውታፍ «ተው፣ አትግባ!» ቢለውም አልሰማም።

«ና፣ የእኛ ልጅ!» አሉ ወንድማማቾቹ። «ከአንገታችን በታች ዘበኛችን ቆሟል። አንተን በእጁ ተቀብሎ ያሻግርሃል። ካንተ በቀር ሌላ አናስገባም!»

ዘበኛው ተቀበለው፣ አሻገረው። ከውስጥ ጧ! ከልጆቹ እስራት አንዱ ቋጠሮ ተፈታ። ሌላ ፕሮቶን ገባ። ጧ! ቫይረሱ መዝፈን ጀመረ።

ውታፍ ግን የሰማውን ይዞ ነበር። «አንገቱ ጠባብ፣ ውስጡ ቅባት፣ ከታች ዘበኛ። ይህማ የእኔ ልክ ነው!» አለና ተንደርድሮ ገባ። አንገቱ ላይ ሲደርስ እንደ ቡሽ ቅርቅር አለ።

«እለፍ!» አሉት።

«አላልፍም።»

«ተመለስ!»

«አልመለስም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልቀመጥ።»

ፕሮቶኖቹ ከውጭ ተጋፉ። ዘበኛው እጁን ዘረጋ፣ የሚቀበለው አጣ። ልጆቹ በቀሩት ቋጠሮዎች እንደታሰሩ ቀሩ፤ ኮምጣጤው ግን መፍላቱን አላቆመም። ያ ሲስቅ የነበረ ቫይረስ እሾሁ ይለሰልስ፣ ቆዳው ይሳሳ ጀመር።

«እሜቴ፣» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «እባክዎ ኮምጣጤውን ቢያቆሙት?»

«አንተ ደግሞ! ሳላኮመጥጥ ምን ልብላ?» አሉና አሟሙት።

በማግስቱ ውታፍ ጓዳው ውስጥ እንደ ድሮው ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ሶዲየም በዚያ ሲያልፍ እንደ ልማዱ፣ «ውታፍ፣ ዛሬስ ምን...» ብሎ ጀመረና አፈረ። ጋቢውን አውልቆ እንዳይሰግድ አይወልቅለትም፤ ከነጋቢው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው።

የቫይረሱ ዘመዶች ከዚያ ወዲህ የበራቸውን አንገት አስፍተዋል ይባላል። ያስፉ! ውታፍም ወፈር ያሉ ወንድሞች አሉት። ልብ በሉ ልጆቼ፤ ያ በር ማንን እንደሚያሳልፍ ሲፎክር፣ በምን እንደሚደፈን ራሱ ተናገረ። የሚፎክርባችሁን አታቋርጡት፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ የሌባውን በር ድፈኑልኝ።