ጋሽ ሽብሩ ያመጡት ቤንዚን

አንድ ገረመው የሚባል አትክልተኛ ነበር። አሰላ ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ለአሥራ ሁለት ዓመት የግቢውን ሣር ሲያጭድ ኖሯል። በቤንዚን የሚሠራው የሣር ማጨጃ ማሽን በእሱ እጅ ነው። የታጨደውን ሣር የሚሰበስቡት፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙትና ከማደያ ቤንዚን የሚያመጡት ደግሞ በዕድሜ የሚበልጡት ባልደረባው ጋሽ ሽብሩ ነበሩ።

ተማሪዎቹ ጋሽ ሽብሩን «አባባ» ይሏቸዋል። እሳቸውም የብዙዎቹን ስም ከነአባታቸው ያውቃሉ፤ ዝናብ የያዘውን በዕቃ ቤታቸው ያስጠልላሉ። በየዓመቱ ተመራቂዎች ከአባባ ጋር ፎቶ ሳይነሡ ከግቢው አይወጡም ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ለምረቃው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ገረመው በጋውን ሙሉ ቆሞ የከረመውን ማሽን አወጣ። ነዳጅ መያዣው ውስጥ በቀረው ላይ ጋሽ ሽብሩ በጀሪካን ካመጡት አዲስ ቤንዚን ትንሽ ጨመረና የማስነሻውን ገመድ ሳበ። ማሽኑ አልተነሣም። ክንዱ እስኪዝል ደጋግሞ ሳበው። አንዴ ተነሣ፤ እንደሚያስለው ሰው ተንፈቅፍቆ፣ ጭስ ተፍቶ ጠፋ።

የግቢው አስተዳዳሪ ወይዘሮ አስካለ መጥተው፣ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ሣሩ ለምን አልታጨደም ብለው ጠየቁት። ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ተመራቂዎች ተቀምጠው ይመለከታሉ። ገረመው አፈረ። ከማፈሩም የተነሣ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ፦ ቤንዚኑ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል፣ ገዝቶ ያመጣው ሰው ግማሹን ሸጦ ነው ይህን የሞላበት አለ።

ራቅ ብለው ይሰሙ የነበሩት ጋሽ ሽብሩ የሣር መንሻቸውን ግንብ ላይ አስደግፈው ቀረብ አሉ።

«ገረመው፣ ስቀላቅል አይተኸኛል?»

«ማየት አያስፈልገኝም። ከአንተ ሌላ ቤንዚኑን የነካው ሰው የለም» አለ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲላቸው ኖሮ፣ የዚያን ቀን በልጆቹ ፊት «አንተ» አላቸው። ሽማግሌው ወደ ደረጃው ዞር ብለው አዩ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ሁለቱ ተጠቃቅሰው ሳቁ። ጋሽ ሽብሩ ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ለወይዘሮ አስካለ ሰጡና በበሩ ወጡ። መልሶ የጠራቸው አልነበረም።

ገረመው ሦስት ቀን ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ሠራ። ካንዴላውን ፈትቶ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፤ እሳት መስጠቱን አየ። በአቧራ የተደፈነውን የአየር ማጣሪያ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ አደረቀ። ከምላጩ ሥር የደረቀውን ሣር በቢላ ፋቀ። አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አላለፈም። ማሽኑ ግን ያው ነው፤ ተነሥቶ ይጠፋል።

በአራተኛው ቀን ከነቤንዚን ጀሪካኑ በጋሪ ጭኖ ሙዘይን ወደሚባል ሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ወሰደው። ሙዘይን የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አሸተተ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ውስጥ ያለው?» አለ።

ገረመው አሰበ። ለመጨረሻ ጊዜ ያጨደው በኅዳር ነው። የተረፈውን ሳይቀዳ ማሽኑን ዕቃ ቤት ያስገባው ራሱ ነበር። ሙዘይን ቤንዚን ብዙ ወር ሲቀመጥ እንደሚበላሽ፣ እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ እንደሚደፍን ነገረው። አሮጌውን ደፋ፤ ቀዳዳውን አጸዳ። ጀሪካኑን ሲያነሣ ገረመው፣ ያኛው ነጭ ጋዝ አለበት ብሎ ከለከለው። ሙዘይን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ አሻሸው። ወዲያው ደረቀ።

«ነጭ ጋዝ ቢኖርበት እጄን ያወዛው ነበር። ይሄ ንጹሕ ነው።»

ሞላበትና ገመዱን ሳበ። በሁለተኛው ማሽኑ ተነሣ፤ ድምፁም አልተቆራረጠም።

ገረመው አልተደሰተም። ከዚያው ተነሥቶ ወደ ጋሽ ሽብሩ ቤት ሊሮጥ ፈለገ። ግን ለምረቃው የቀረው ዐሥር ቀን ነው፣ ሣሩም ብዙ ነው። «ከምረቃው በኋላ ረጋ ብዬ እሄዳለሁ» አለ ለራሱ። እውነቱን ለመናገር ግን አፍሮ ነበር። በየቀኑ ማሽኑን እየገፋ በተማሪዎቹ አጠገብ ያልፋል፤ ሊነግራቸው ያስብና በሞተሩ ጩኸት አሳቦ ያልፋቸዋል።

የምረቃው ቀን ሣሩን ያላደነቀ አልነበረም። አንዲት ተመራቂ ወደ ገረመው መጥታ፣ «አባባ በእውነት ሰርቀው ነው?» ብላ ጠየቀችው። አፉን ሲከፍት ጓደኞቿ ለፎቶ ጠሯት፤ ሳትሰማው ሄደች።

በማግሥቱ ገረመው ጋሽ ሽብሩን አጥራቸውን ሲጠግኑ አገኛቸው። ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራቸው።

«በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ በልቤም አልይዝብህም» አሉት።

ገረመው፣ እንዲያውም ነገ ተመልሰው ይምጡ፣ እውነቱን በሁሉም ፊት እናገራለሁ አላቸው።

«በማን ፊት?»

«በተማሪዎቹ...» አለና ትዝ አለው። ተማሪዎቹ የዚያን ዕለት ጠዋት በየአውቶቡሱ ተሳፍረዋል፤ ወደ ባሌ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ቦረና።

«ትናንት ብትመጣ አብሬህ እሄድ ነበር። አሁን ግን እነዚያ ልጆች በሄዱበት ሁሉ ስለ እኔ የሚያውቁት የመጨረሻው ነገር አንተ ያልከው ነው» አሉ ጋሽ ሽብሩ። ወደ ሥራቸውም አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ገረመው ሣሩን የሚያጭደውም የሚሰበስበውም ብቻውን ነው።

ገረመው ለብረት አራት ቀን ሰጠ፤ ከካንዴላ እስከ ካርቡሬተር እየፈታና እያስፈታ መረመረ። በሰው ላይ ግን አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ፈረደ። ጥፋቱን ካወቀ በኋላም ከዐሥር ቀን በላይ ዘገየ። የበደልነው ሰው ይቅር ሊለን ይችላል፤ በአደባባይ ያጎደፍነውን ስም ግን የምናጠራው ክፉውን ቃል የሰሙት ሰዎች ሳይበተኑ ነው።

እርስዎስ በሰዎች ፊት ያለ ማስረጃ የወቀሱት ሰው አለ? የሰሙት ሰዎች ዛሬ የት ናቸው?